በሳፋ የለወጥኩት የቤንዚን ጋን

ልጄ ሂሻም፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን ይጋርድህ፤ የሰው አገር ይመችህ። የደሴ ብርድ ቢጠናም እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

አባትህ ጓሮ ባለችው ክፍል ያን አሮጌ ሞተሩን ፈታቶ ሲጠግን ይውላል። «ሂሻም ሲመጣ ይነዳዋል» ይላል። እኔ ደግሞ ለመውሊድ ቤት ሳጸዳ፣ የሞተሩ የዛገ የቤንዚን ጋን የማይረባ መስሎኝ «ልዋጭ!» እያለ ለሚዞረው ሰው ሰጥቼ ሳፋ ወሰድኩበት። አባትህ ሲጠይቀኝ ደንግጬ «ወላሂ አላየሁም» አልኩት። በውሸት ማልኩ፣ ልጄ! ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ሌላ ፈልጎ አጣ። ግራሶ የነካ እጁን በዚያው ሳፋ ሳስታጥበው «አላህ ይስጥሽ» ብሎ ይመርቀኛል። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ስትደውል አንተ ንገርልኝ፣ የኔ ዓለም፤ እኔ አፍ የለኝም። አንተንስ አላህ እንደኔ አያሳፍርህ።

እናትህ ረሂማ