የአባባ በረዶ ልክ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እናንተ ፍሎሪዳ በእጀ ጉርድ ስትውሉ፣ እኛን ከሐይቁ የሚመጣው በረዶ ከቤት አላስወጣ ብሎናል። ሌላው ደህና ነው።

ዘንድሮ አንድ ነገር ሲገርመኝ ከረመ። አባባ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጓሮ ባለችው ነጭ የመለኪያ ጣውላ ላይ የጣለውን በረዶ ለክቶ ለአየር ትንበያ ቢሮአችን የሚደውለው ቁጥር፣ እኔ በዋዜማው ከተነበይኩት ጋር ሳይዛነፍ ይገጥማል። ስድስት ኢንች ስል ስድስት፣ አስራ አንድ ስል አስራ አንድ። የሐይቁን በረዶ ታውቂዋለሽ፤ ነፋሱ ትንሽ ዞር ካለ አንዱ መንደር ይቀበራል፣ ጎረቤቱ ፀሐይ ይሞቃል። ታዲያ ይሄ ሁሉ መግጠም ከየት መጣ? ባልደረባዬ ዴልበርት ሰማዩንም ዘመድ አደረግሽው እያለ ያሾፍብኛል። አልዋሽሽም፣ ኮርቼ ነበር። በኅዳር «አባባን ወደ እኔ ልውሰደው» ስትዪ፣ በየማለዳው ወጥቶ በረዶ የሚለካ ሰው ምን ሆነ ብለሽ ነው ብዬ የተቆጣሁሽም ይህንኑ ይዤ ነው።

ለማክሰኞ አስራ ስምንት ኢንች አልኩ። ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞረና ጉድ ሠራኝ። መንገድ ጠራጊው ዌንዴል እነአባባ መንደር የጣለው አራት ብቻ ነው አለን። አባባ ግን ደውሎ አስራ ስምንት አለ።

ሄድኩ። ቤት ሳልገባ ቀጥታ ወደ ጓሮ። ከለካ በኋላ ጣውላዋን ጠርጎ ከበረዶው በላይ መልሶ ማስቀመጥ ሕጉ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የለችም። በአካፋ ስቆፍር ስቆፍር ከታች ሣሩ ላይ አገኘኋት፤ የወራት በረዶ ተጭኗት። ከደጁ እስከዚያ አንድም ዱካ የለም።

ገብቼ ስጠይቀው ምንም አላፈረም።

«አንቺ ትናንት በሬዲዮ አስራ ስምንት ብለሽ የለ? የገዛ ልጄን ቃል ወጥቼ በዘንግ ልለካ?»

ሳቅሁ። ከዚያ መሃል ወለል ላይ የቆመ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ልመልስ ሳነሣ፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ድምፁ ተለወጠ።

«እሱን ተይው ልጄ፤ ከቦታው አታንሺው።»

ሌሎቹን ወንበሮች ያኔ አየኋቸው። ከአልጋው እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ ስልኩ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራራቁ፣ መደገፊያቸው እጅ እንዲይዘው ዞሮ ተደርድረዋል።

እህቴ፣ ለኅዳሩ ቁጣዬ ይቅር በዪኝ። ለዓርብ ሃያ ኢንች ይጥላል ብያለሁ፤ ይሄኛው ይስታል ብዬ አላስብም። ከዓርቡ በረዶ በፊት ነይ። እስከዚያ እኔ እዚሁ እሱ ጋ ነኝ። ስትመጪ ናፍቀኸኝ ነው በዪው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

አኩርፋሽ የነበረች ታናሽ እህትሽ