ስፌቱ በውጭ ነው

ሰኔ 9

ለምወድሽ ልጄ፣

ሕፃኑ እንቅልፍ ይሰጥሻል? አንቺ ለኔ አልሰጠሽኝም ነበርና፣ ካስጨነቀሽ ብድሬን መለሰልኝ ብዬ ዝም እላለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው።

ስለ ወንድምሽ እንዳላነሳብሽ ብለሽኛል። አነሳለሁ። አስተምረሽው፣ ባንክ አስገብተሽው፣ ሥራውን ጥሎ ከሚስቱ ጋር የሕፃን ልብስ ሰፊ ሆነ ብለሽ ካኮረፍሽው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። እኔም መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ኮርቼበታለሁ፤ ይኸው ነው።

የነሱ ቤት ሳሎን ሳሎን መሆኑ ቀርቷል። ሁለት የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጥቅል ጨርቅ። ጥጡ ፀረ ተባይ ሳይረጭበት የበቀለ ነው፤ ቀለምም አይነካውም። የቤት መኪናቸውን ሸጠው ሁለቱም በብስክሌት ነው የሚሄዱት። የጣሪያው ዝናብ በበርሜል ተጠራቅሞ ጨርቅ ይታጠብበታል። ቁራጭ አይጣልም፤ የኔ ትራስ ሳይቀር በሱ ነው የተሞላው። ፌስታል ይዤ ከገባሁ ምራቴ ፌስታሏን ተቀብላ፣ አጥባ ታሰጣታለች። እኔ ደግሞ በሀፍረት እሞታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሠራኋቸው። አንድ ትልቅ የልጆች ልብስ መደብር ለመጀመሪያ ጊዜ አዟቸው፣ ልብሱ አልቆ ተደርድሯል። እነሱ ካርቶን ማሰሪያ ሊያመጡ ወጡ። ባየው ባየው፣ ከወትሮው ተለይቶ ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው። በድካም ዓይናቸው ፈዞ ነው ብዬ፣ አንድ በአንድ ገልብጬ፣ በካውያ ተኩሼ፣ አጥፌ ካርቶን ውስጥ ከተትኩላቸው። ምስጋና ስጠብቅ የመደብሩ ባለቤት ከነሱ እኩል ደረሰች። አንዱን አንስታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና፣ «የሕፃኑን ቆዳ እንዳይፍቀው ስፌቱ በውጭ ይሆናል ብላችሁኝ አልነበር? እኔ የመጣሁት ለሱ ነው» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ወንድምሽ ወደኔ ዞር እንኳን አላለም። «ስህተቱ የኔ ነው። ቁጭ ይበሉ፣ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን» አላት። ሦስታችንም መገልበጥ ጀመርን። ሴትዮዋ ትንሽ አየችንና ቦርሳዋን አስቀምጣ እሷም ገባችበት። ስትጨርስ አንዱን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ «ለልጆቼ እንዲህ ያለ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ» አለች። ለሚቀጥለው ወርም አዘዘች። ከሄደች በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «እማዬ፣ ካውያሽ ግን አንደኛ ነው» ብሎኝ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያሳደግነው። አዎ፣ ያሳደግነው። አንቺም አለሽበት።

አሁን ከደብዳቤው ጋር ያለውን ጥቅል ፍቺው። ካኮረፍሽው ወዲህ ወንድምሽ ስምሽን አንስቶ አያውቅም። ግን ማርገዝሽን ከነገርኩት ጀምሮ በየወሩ አንድ አንድ ልብስ፣ ሚስቱን እንኳን ሳያስነካ፣ ራሱ እየሰፋ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። የመጨረሻው መራመድ ለጀመረ ልጅ የሚሆን ነው። ላኪልኝ አላለኝም። ከሁሉ ትንሿን ሰርቄ ላክሁልሽ።

መጥፋቷን ሲያይ እኔን ነው የሚጠይቀው። «የእህትህ ልጅ ለብሷታል» ልለው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አታድርጊኝ።

ፈጣሪ ጡትሽን ወተት፣ ሌሊትሽን እንቅልፍ ይሙላልሽ።

እናትሽ