ናይሮቢን ቤቴ ያሉት ፓስተር ጆታም ኬጎዴ

ፓስተር ጆታም ኬጎዴ ከአባታቸው ከአቶ ኤኖስ ኬጎዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳባቲ ሚናይቪ፣ በምዕራብ ኬንያ በማራጎሊ ኮረብታዎች፣ ከቻቫካሊ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኘው መንደር እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ ሰው የለም። እናታቸው ግን በቆሎው ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰሞን እንደወለዷቸው ይናገሩ ነበር። በዚህም ምክንያት ፓስተር ጆታም በሰው ቤት ሁለተኛ ሳህን ሲጠይቁ ጥፋቱን ሁልጊዜ በተወለዱበት ወር ያሳብቡ ነበር።

ትምህርታቸውን በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ይህን ዕድል ያገኙት ታላቅ ወንድማቸው ሄዝሮን የራሳቸውን ትምህርት አቋርጠው፣ ኬሪቾ በሻይ ቅጠል ለቀማ እየዋሉ ደብተርና የደንብ ልብስ ስለገዙላቸው ነው። ፓስተር ጆታም ይህን ውለታ ዕድሜ ልካቸውን አልዘነጉም፤ ሰው ወንድማቸውን ሲያማ ከሰሙ ተነሥተው ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ ሲነሡ ሄዝሮን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኟቸው። እዚያም «ከተማ ሠርተህ የምትመለስበት ነው እንጂ የምትኖርበት አይደለም። ልብህን እዚሁ ትተህ ሂድ» ብለው መከሯቸው። ወጣቱ ጆታም እሺ አሉ፤ ለብዙ ዓመታትም እንደ ቃላቸው ኖሩ።

ናይሮቢ በባቡር ጥገና ጋራዥ በብየዳ ሥራ ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከወይዘሮ ቤሪታ ካጌሃ ጋር ትዳር መሥርተው፣ በከተማው ምሥራቅ ኪጂቶ በሚባለው የማዘጋጃ ቤት ሰፈር አንድ ክፍል ተከራዩ። ልጆቻቸው ራሶአ፣ ኤኖስና ጃቫን በዚያች ክፍል ተወልደው አድገዋል። በተጋቡ በዓመታቸው ጥሩ የእንጨት አልጋ ገዙ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኙበትም። አልጋውን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወደ ማራጎሊ ሰደዱትና እነሱ ሲሚንቶ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ማደራቸውን ቀጠሉ። ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ሄደ። የግድግዳ ሰዓቱም ሄደ። ዕቃው ሁሉ በእናታቸው ቤት ተደርድሮ አቧራ ሲለብስ፣ እነሱ ጠዋት ሰዓት የሚያውቁት በጋራዡ ጡሩምባ ነበር።

በዚህ ማንም አይስቅባቸው፤ ኪጂቶ ውስጥ እንዲህ የማይኖር አልነበረም። የሉዎ ጎሳ ሰው ቆርቆሮውን ወደ አገሩ ወደ ሐይቁ ዳር፣ የካምባ ጎሳ ሰው ሲሚንቶውን ወደ ማቻኮስ ይልካል። ናይሮቢ ላይ ምስማር መምታት እንደ ሞኝነት ይቆጠር ነበር። ያም ሆኖ የዚያን ጊዜዋ ኪጂቶ ትናፍቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት ደመወዝ ሲወጣ ራዲዮው ከየበሩ እኩል ይከፈታል፤ በከሰል የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ እስከ ባቡር ሐዲዱ ይደርሳል። ያለችው አንዲት ቧንቧ ናት፣ ባልዲ ቀደመኝ አልቀደመኝ ተብሎ ሲሰዳደቡ የዋሉ ሴቶች ማታ አንዱን የኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ድስት ተካፍለው ልጆቻቸውን ያበላሉ። ከልጆቹ ማን የማን እንደሆነ የሚለየው ሲመሽ፣ ለመኝታ ሲጠሩ ነበር።

ፓስተር ጆታም በሰፈሩ የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን በሽምግልና አገልግለው፣ የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ከጨረሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጋቢነት ሹመት ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት በዝናቡ ወራት የሰፈሩ የቆሻሻ ውሃ ቦይ ሞልቶ ወደየቤቱ ገባ፤ ተቅማጥና ትውከትም ተነሣ። የጎረቤታቸው የማማ አቾላ ልጅ አፒዮ በአራት ዓመቷ ሞተች። ኪጂቶ እንደ ልማዷ ግልብጥ ብላ ወጣች፤ አውቶቡስ ተከራይታ፣ ትንሿን ሣጥን ጭና፣ እየዘመረች እስከ እናቲቱ አገር፣ እስከ ሐይቁ ዳር ሸኘች። ፓስተር ጆታምም አብረው ሄደው ቀብረው ተመለሱ። ሲመለሱ ቦዩ እንደተዉት ሞልቶ፣ ሌሎች ልጆች ዳሩ ላይ ተቀምጠው የወረቀት ጀልባ ሲሰዱበት አገኟቸው።

በዚያ እሁድ የተናገሩትን በቦታው የነበሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። «ለአስከሬን አውቶቡስ በሁለት ቀን አገኘን። ለቦይ የሚሆን አካፋ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አጣን። እኛ የምናምነው ማንን ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ አንደኛው በአዳራሹ መካከል ቆመው «ፓስተር፣ የኪራይ ቤት ቦይ ማን ይጠርጋል? እኛ እኮ መንገደኞች ነን!» አሏቸው። ፓስተር ጆታም ቅዳሜ የጋራዡን ቱታ ለብሰው፣ አካፋ ተውሰው ቦዩ ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። ሰው በየበሩ ቆሞ አያቸው፤ የሳቀም ነበር። ከሁሉ ቀድማ ልብሷን ሰብስባ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ይዛ የገባችው ማማ አቾላ ነበረች። ከእሷ በኋላ መቆም ያላሳፈረው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሕግ ወጣ፤ ቦይ ያልጠረገ በመዘምራን መካከል አይቆምም። ፓስተር ጆታም ድምፃቸው የማይረባ መሆኑን ያውቁ ስለነበር «እኔ ለመዘመር ከማንም በላይ መጥረግ አለብኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቦዩ በድንጋይ ተገነባ፣ መጸዳጃ ቤቶቹ በር አገኙ፣ የቆሻሻው ክምር ተነሥቶ ሜዳ ሆነ። በመንገዱ ላይ የሰቀሏቸው መብራቶች ደጋግመው ተሰርቀዋል፤ እሳቸውም ሌባውን እየረገሙ፣ ወዲያው ደግሞ በመርገማቸው ንስሐ እየገቡ፣ መልሰው ይሰቅሉ ነበር።

የለውጡ ሁሉ መነሻ እሳቸው ነበሩ ብንል ግን ባለቤታቸው ያዝኑብናል። ወይዘሮ ቤሪታ ከአፒዮ ቀብር በኋላ «ጆታም፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ። በቃኝ፤ አልጋ ግዛልኝ» ብለዋቸው ነበር። አልጋው ተገዛ። ወይዘሮ ቤሪታም ደጃቸው ላይ አቮካዶ ተከሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ በመንግሥት መሬት ላይ ዛፍ መትከል ክልክል ነው ሲል መጥረቢያ አምጥተው እጁ ላይ አኖሩና «ልጆቹ እያዩህ ቁረጠው» አሉት። ሰውዬው ሻዩን በማንዳዚ ብስኩት ጠጥቶ ሄደ።

ናይሮቢ በገና ባዶዋን ትቀራለች፤ የሚችል ሁሉ ወደየአገሩ ይሄዳል። ፓስተር ጆታም እ.ኤ.አ. በ1979 ጃቫን ታሞባቸው ሳይሄዱ ቀሩ። በዚያ ገና ማን ከተማ እንደሚቀር ዐዩ፤ አገር ቤት የሚጠብቃቸው የሌለ አሮጊቶች፣ ከእንጀራ አባት ያመለጡ ልጆች፣ መሄጃ ያጡ ሴቶች። ቤተ ክርስቲያኗን ከፍተው፣ ዱቄት አቡክተው፣ ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ አብረው ጋገሩ፤ ቅርጹ የማንኛውንም አገር ካርታ ይመስል እንደነበር ልጆቻቸው ይመሰክራሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ገና ከኪጂቶ አልተለዩም። ያ ገና በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ከሁሉ የሚጣፍጥ ገና ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ግን በማራጎሊ በኩል ዋጋ አስከፍሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በቤተሰባችን ትልቁ አባታችን የምንላቸው ወንድማቸው ሄዝሮን ናይሮቢ ድረስ መጡ። የመጡትም ወንድማቸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸው በአባታቸው ግቢ ቤት አለመሥራታቸው ቢያሳፍራቸው ነበር። በእኛ ዘንድ በአባቱ ግቢ ቤት የሌለው ወንድ ሲሞት የሚያርፍበት እንደሌለው ይቆጠራል። «ሞትህን የት ልትሞት ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ፓስተር ጆታም በዚያ ዓመት ያጠራቀሙትን ለኪጂቶ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ማሠሪያ እንዳዋሉት ነገሯቸው። ትልቁ አባታችን የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ ተነሥተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ናይሮቢን አልረገጡም። ወንድማማቾቹ በቀብር ላይ እየተገናኙ እጅ ይጨባበጡ ነበር እንጂ ወግ አልነበራቸውም። ፓስተር ጆታም ይህ እንደ ጎዳቸው አልደበቁም፤ በየጠዋቱ ጸሎታቸው ከልጆቻቸው ስም በፊት የሚጠሩት የሄዝሮንን ስም ነበር።

ፓስተር ጆታም እ.ኤ.አ. በ2008 ከመጋቢነት በጡረታ ተገለሉ። የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ጎድቶት ከ2013 ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በናይሮቢ፣ በላንጋታ የከተማው መቃብር እንዲቀበሩ አደራ አሉ። «እዚህ ቤታችሁ ነው ስላችሁ ኖሬያለሁ። በዚያ አውቶቡስ ከሄድኩ የተናገርኩት ሁሉ አብሮኝ ይሄዳል» አሉ። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2015 ጠዋት፣ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በሕይወት ታሪክ ውስጥ አይገባም ያሉ ነበሩ፤ ትልቁ አባታችን ግን ይግባ ብለዋል። አደራውን የተቃወሙት የማራጎሊ ሰዎች አልነበሩም። የተቃወመችው ኪጂቶ ናት። ለቅሶ ኮሚቴው ገና በመጀመሪያው ምሽት ወደ ማራጎሊ የሚወስድ አውቶቡስ ለመከራየት ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ማማ አቾላ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ቦዩ ውስጥ ቀድማ የገባችው፣ ተነሥታ «ፓስተርን ላንጋታ? ወገን እንደሌለው ሰው? ኪጂቶ ለአባቷ አውቶቡስ አጣች ሊባል ነው? በእኔ መቃብር ላይ!» አለች። ወይዘሮ ቤሪታ የባለቤታቸውን ቃል ደግመው ደጋግመው ነገሯት። እሷም በልጃቸው ስም ጠርታ «ማማ ራሶአ፣ ታሞ የተናገረውን ነው የምትይዢበት? እንውደደው እንጂ» አለቻቸው። የሚወዷቸው ሁሉ ከእሷ ጋር ነበሩ። ወይዘሮ ቤሪታ ያን ዕለት ከሞቱ ይልቅ በዚህ አለቀሱ፤ ባለቤታቸው የደከሙበት ሁሉ በፍቅር ተጭኖ ሊሄድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትልቁ አባታችን ሄዝሮን በሰማንያ ዓመታቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ። አስከሬኑን ሊወስዱ እንደመጡ ያልጠረጠረ አልነበረም፤ ኮሚቴውም ደስ ብሎት ወንበር አቀረበላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፣ ሰፈሩን አሳዩኝ አሉ። ቦዩን፣ ሜዳውን፣ መዋዕለ ሕፃናቱን እየዞሩ ዐዩ። ከዚያ ተመልሰው በሕዝቡ ፊት እንዲህ አሉ፦

«በአባታችን መቃብር አጠገብ ለጆታም የተተወ መሬት አለ። ማራጎሊ መሬት እንዴት እንደጠበበ ታውቃላችሁ። ልጆቼ በየዘር ወቅቱ እየተጣሉኝ፣ አርባ ዓመት ፍሬ አልዘራሁበትም። ቤት የሌለው ወንድም አለኝ ብዬ አፍሬ ነበር። ዛሬ ከአውቶቡስ ወርጄ የኬጎዴን ቤት የጠየቅሁት ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ እጄን ይዞ ነው ያደረሰኝ። እኔ በተወለድኩበት መንደር እንዲህ የሚያደርሰኝ የለም። እዚሁ ይቀበር። በመሬቱ ላይ በዚህ ዝናብ በቆሎ እዘራበታለሁ።»

ይህን ብለው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ። ማማ አቾላ ከዚያ ማንንም ሳታይ «እኔ የአፒዮን መቃብር ከቀበርናት ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት። ሩቅ ነው» አለች፤ ሄዳም ከወይዘሮ ቤሪታ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስብሰባው በዚህ አበቃ። ለአውቶቡሱ በተዋጣው ገንዘብ ላይ ኮሚቴው እስከ ዛሬ ጠዋት አልተስማማም።

ፓስተር ጆታም የአርባ ዘጠኝ ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን ወይዘሮ ቤሪታ ካጌሃን፣ ልጆቻቸውን ራሶአን፣ ኤኖስንና ጃቫንን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውን ሄዝሮን ኬጎዴን፣ እንዲሁም መላዋን ኪጂቶን ትተው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ሲሠሩለት የኖሩት ጌታ በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ለቀሪዎቹ መጽናናትን፣ ለእጆቻችንም የእሳቸውን ትጋት ይስጠን። አሜን።

ለለቀስተኞች፦ ዛሬ ማታ የሚነሣ አውቶቡስ የለም። ላንጋታ ከኪጂቶ በሁለት ማታቱ ታክሲ የሚደረስበት ነው። ማማ አቾላ በመጪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓስተርን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ አብሯት መሄድ የሚፈልግ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቃት። ለእራት ትመለሳላችሁ።