ቆርኪ አይደለም

ሶርሳ፣

ቦሎቄ እየለቀምኩ ነው የምጽፍልህ። ከጉኑኖ ስትመለስ አታገኘኝም።

ውሃ ከአስር ሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ጀሪካኑን ቀድመህ ሙላ።

ለነገው የቁማር ፊልም፦ ጠረጴዛው ላይ የሚከምሩት ክብ ነገር ቆርኪ አይደለም። በገንዘብ የሚገዛ መጫወቻ ነው፤ ሲጨርሱ መልሰው በገንዘብ ይለውጡታል። ቅዳሜ በጋሽ ቢያድግልኝ ቪዲዮ ቤት ቆመህ "ቆርኪ፣ ቆርኪ" እያልክ ስትተረጉም፣ አስናቀች "ለቆርኪ ብሎ ነው እንዴ ቤቱን የሸጠው?" ብላ ጮኸች። አንተም "እህቴ፣ እዚያ አገር ቆርኪ ውድ ነው!" አልካት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሌላም አለ። ቁማርተኛ ሲዋሽ የሚያሳብቅበት ምልክት እንዳለው ከፊልም ተምረህ፣ የእኔ ምልክት ጆሮ መንካት መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ ነግረሃል። አልወደድኩትም።

ትናንት "ጋሽ ቢያድግልኝ ስለ እኔ ምን አሉህ?" ስትለኝ "ምንም" አልኩና ጆሮዬን ነካሁ።
አየኸኝ።


በአንተ ቦታ እንድተረጉም ጠይቀውኝ ነበር። "ላስብበት" አልኳቸው። የሚታሰብበት ነገር አልነበረም።

አሁን እምቢ ልላቸው እየሄድኩ ነው። ትክክለኞቹን ቃላት ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ አጥናቸው። ለአስናቀች የመለስከውን ግን ነገም እንዳትተወው። እኔ ብሆን አይመጣልኝም ነበር።

ቦሎቄው ተለቅሞ አልቋል። ከድኜ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።