አራት መኪና ተኩል

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ተወሽ ወይስ አሁንም መንገድ ላይ ያስቆምሻል? ዓይንሽስ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይታዘዝሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አክስታችንም ሳይቀሩ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ወገቤም ሹፍርናውን ከተውኩ ወዲህ ተመስገን ብሏል።

በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትይኝ «ደኅና» እያልኩ ያለፍኩት ነገር አለ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታውቂው ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሕመምተኞችን ከየቤታቸው የሚያመላልሱትን መኪኖች የምመድበው እኔ ነኝ። ፓይዘን የሚሉትን የፕሮግራም ቋንቋ በአርባ ዓመቴ ብቻዬን ተምሬ የምደባውን ፕሮግራም ስጽፍ ሾፌሮቹ «ፕሮፌሰር» አሉኝ። ስሙ ሳይጥመኝ አልቀረም። ቋንቋው በነፃ ነው፤ የዓለም ሰው ውስጡን እያየ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ ባለበት አይቆምም። እኔ ግን ቆምኩ። አዲሱ ወጣ በተባለ ቁጥር የያዝኩት ይበቃኛል እያልኩ ስድስት ዓመት ተኛሁበት።

ባለፈው ወር ኮምፒውተሮቹ ተቀየሩና አንድ ባለሙያ ፕሮግራሜን በአዲሱ ፓይዘን እንደምንም አስነሣው። አንድ መኪና የሚጭነው ሁለት ሰው ነው፤ በድሮው ፓይዘን ሰባት ሰው ለሁለት ሲካፈል ሦስት ብቻ ይለኝ ነበር፤ ለተራፊው ሰው አንድ መኪና የምትጨምር መስመር ጽፌ ነበር። አዲሱ ግን ግማሹንም ይቆጥራል። ጠዋት ላይ ለሰባት ሕመምተኞች «አራት መኪና ተኩል» ብሎ አወጣ። ሾፌሮቹ ግማሿን መኪና ማን ይንዳት እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አፈርኩና፣ መመሪያውን ገልጬ ሳላይ፣ ግማሹንም ጭማሪዋንም ቆርጬ ጣልኩ። ሦስት መኪና ወጣ፤ ስድስት ሰው ተጫነ።

ሰባተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ካፖርታቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ተራ ተገኝቶላቸው ታጠቡ፤ እግዚአብሔር አተረፈኝ። አለቃዬ፣ ለእኔው አዝና፣ «ማሽኑ ነው በል፣ ማን ያውቃል» አለችኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩ፤ ቤታቸውም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ተቆጥተው ቢያባርሩኝ በቀለለኝ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ለመጨረሻ ጊዜ ያጠናሁት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እኔ ሠላሳ ዓመት አንድ ክፍል አስተማርኩ» አሉኝ፤ «መጽሐፉ በተቀየረ ቁጥር ግን ከልጆቹ ቀድሜ ተማሪ እሆን ነበር።»

የዚያኑ ዕለት ማታ መመሪያውን ገለጥኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የለውጦቹን ዝርዝር አነባለሁ። ያልገባኝን የቋንቋው ሰዎች በሚጠያየቁበት ገጽ እጠይቃለሁ። ስለ ማካፈሉ መልኩን የማላውቀው ሰው ሳይሰለች አስረዳኝ። በኋላ መመሪያው ውስጥ ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁና አርሜ ላክሁ። ሁለት ጊዜ መልሰው ላኩብኝ፤ በሦስተኛው ተቀበሉት። ስሜ ከብዙ ሰዎች ተርታ ተጻፈ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ጽሕፈት ሳያውቅ፣ በጣቱ እየፈረመ ያሳደገን የአባባ ስም ከስሜ ቀጥሎ እዚያ ሲነበብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አክስታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ። ትንሿ ደግሞ «አጎቴ ሁሉን ያውቃል» እያለች ክፍሏ ውስጥ እንደምትኮራ ነግረሽኛል፤ አጎትሽ ገና ተማሪ ነው በያት።

ወንድምሽ
ከሦስተኛ ፎቅ የኪራይ ክፍሌ፣
ቅዳሜ፣ መጋቢት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.