እርጥብ ሳር ይዤ እመጣለሁ

ውድ እታለሜ አበቡ፣

ስልክሽን ዘግተሽ ገረሴ ቤትሽ ስለተደበቅሽ ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በዳልጮ እጅ ልኬልሻለሁ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና እንዳልሆንሽ ሁለታችንም እናውቃለን። ተናድጃለሁ። ከንዴቴ በላይ ደግሞ ፈርቻለሁ።

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ከጉንጭሽ እብጠት ናሙና ሊወስድ ጓንቱን ሲያጠልቅ፣ «ነጠላዬን ውጭ ረሳሁት» ብለሽ ወጣሽ። እኔ ሞኟ ነጠላሽን ፍለጋ ግቢውን ስዞር አንቺ ለካ መኪና ተሳፍረሻል። ሰውዬው ጓንቱን እንዳጠለቀ ሲጠብቅሽ ቆየ።

ማን እንዳስፈራራሽ አውቃለሁ። አክስታችን ሻሺቱ «እብጠት ብረት ከነካው ይበተናል፤ ጎረቤቴን የገደላት ምላጩ ነው» ብላሻለች። ሄጄ ጠየቅኋት። ጎረቤቷ ሐኪም ቤት የሄደችው መተንፈስ ካቃታት በኋላ ነው። ታዲያ ምላጩ ምን አጠፋ?

የገበያ ሴቶች ደግሞ «ጉንጭሽ ሞላ፣ ተመቸሽ» ይሉሻል። ቀሚስሽን ግን ከወገብሽ እንዳይወርድ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝሽው። ዓይንሽ እንባ፣ አፍሽ ምራቅ ካጣ ዓመታት አለፉ። አባታችን ሲቀበር እንባ እምቢ ቢልሽ «ልበ ደረቅ» ያሉሽን አልረሳሁም፤ በሽታ መሆኑን ያኔ ማን አወቀ? ሐኪሙ እንደነገረን፣ የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ አንቺኑ እንደ ጠላት ቆጥሮ እየወጋ ነው ያደረቀሽ። እንዲህ ያለው ሕመም ሲቆይ አንዳንድ ሰው ላይ ሊምፎማ የሚሉትን የንፍፊት ካንሰር ያመጣል። ሌሊት አንሶላሽን የሚያርሰው ላብም አሳስቦታል። ላይሆንም ይችላል። ቢሆንም እንኳ ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል አለ። ናሙናው ሳይታይ ግን እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እታለሜ፣ አንቺን መቅበር አልችልም። እንደዚህ በግልጽ ነግሬሽ አላውቅም።

አባታችን ከሽማግሌዎቹ ጋር እርጥብ ሳር ይዞ በተጣሉ ሰዎች መሀል ሲንበረከክ አብረን አይተናል። በንዴት የሚንቀጠቀጠው ሁሉ ዱላውን ይጥል ነበር። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ያስተማረንም እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደጅሽ ላይ እንበረከካለሁ። ሴት፣ ያውም ታናሽ፣ እንዲህ ስታደርግ አላየሁም፤ የሳቀ ይሳቅ። የዳልጮ መኪና ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች፣ ሐኪሙም ከሰዓት ሊቀበለን ተስማምቷል። ከቻልሽ አልፈሽኝ ሂጂ።

ሳሩን የምቆርጠው ከጓሮሽ ነው፤ እስከዚያ ላሟን አትልቀቂበት።

ታናሽሽ ኢየሩስ
ከሴቻ