በእናትሽ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለሎጋዋ ልጄ፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እንደምጀምር ታውቂያለሽ። ዛሬ ያቺን ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። እህትሽ ሥራ ሄዳለች፤ ይህን እንደምጽፍልሽ አታውቅም። ስታውቅ ታኮርፈኛለች። ታኩርፍ፤ ኩርፊያዋን ለምጄዋለሁ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። እናትሽ ከሰኔ ጀምሮ አትናገርም። አንድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ገብታ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙላትም። ትሰማለች፣ ሰው ትለያለች፣ ነገር ይገባታል፤ አንደበቷ ግን ተያዘ። ባለፉት አራት ወራት እሁድ እሁድ በስልክ ያነጋገረችሽ እናትሽ አይደለችም። ትንሿ እህትሽ ናት።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። አልቅሺና ተመለሺ፤ ዋናው ነገር ገና ነው።

ትንሿ ልጅ ሳለች እናትሽን እየቀዳች ስታስቀን መቼም አትረሺውም። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ «ትንሽ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስትል ኖረች፤ ትንሿም ማንኪያ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቁጭ እሷኑ ትሆን ነበር። እኔ ራሴ ከሥራ ቦታ ወደ ቤት ደውዬ ስንቴ ተሸውጃለሁ መሰለሽ። እናትሽ በወደቀች በአምስተኛው ቀን ስትደውዪ የምንለው ጠፋን። ብትሰሚ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ፣ ወይ መምጣት አቅቶሽ በሰው አገር ብቻሽን ታብጃለሽ ብለን ፈራን። ትንሿ ስልኩን አነሳችና በእናትሽ ድምፅ «ወዬ የኔ ሎጋ» አለችሽ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ለዛሬ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ለዛሬ ብቻ እያልን ክረምቱ አለፈ።

እሁድ ዕለት ትልቁ መናፈሻ ወሰድናት። ሐኪሙ አየር ትቀበል ብሎን ነበር። የትንሿ ባል ያን ቀን ታክሲውን ከሥራ አስቀርቶ ዊልቸሩን ኋላ ጭኖ አደረሰን። በሩ ላይ ያለው ጠጠር መንገድ ጎማውን እየያዘ አላንቀሳቅስ ቢለን ለሁለት ተሸከምናት። ሣሩን አቋርጠን ስናልፍ ጥበቃው «ሣር ላይ መሄድ ክልክል ነው» ሊል አፉን ከፈተ፣ እናትሽን አየና ወደ ሌላ ሰው ዞሮ መቆጣት ጀመረ። ከሐይቁ ዳር ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዳቦና እንቁላል በላን። ብርቱካኑን ትንሿ ልጣ ልጣ በትንንሹ አበላቻት፤ አገጯ ላይ የወረደውን ቶሎ ቶሎ እየጠረገች፣ ሰው ሳያይባት።

አጠገባችን የመጠጫ ቧንቧ ነበረ፤ ያንጠባጥባል። አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ ሰው ያንን እየሰማ ዳቦ አይወርድለትም። ከኪሴ ፒንሳዬን ሳወጣ ትንሿ «አባዬ፣ ዛሬ እንኳን ተቀመጥ» አለችኝ። እናትሽ ደግሞ ዓይኗን ወደ ላይ አንከባለለችብኝ፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ደስ አለኝ። ቧንቧውን አጥብቄ ስመለስ፣ ዛሬስ ጥሩ ቀን ዋልን ብዬ አሰብኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንቺ ደወልሽ። የትንሿ ባል የጀልባ ቲኬት ሊቆርጥ ሄዶ ነበር። ቤት ስንሆን ትንሿ ስልኩን ይዛ ጓዳ ትገባና በሩን ትዘጋለች፤ እናትሽ አንድም ቀን ሰምታት አታውቅም። መናፈሻ ውስጥ ጓዳ ከየት ይመጣል? ስልኳም ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ድምፁ ተለቆ ካልሆነ አይሰማም። ዛፉን ዞራ ከዊልቸሩ ኋላ ቆመች። የሚለያያቸው አምስት እርምጃ እንኳ አይሞላም።

እናትሽ መጀመሪያ ያንቺን ድምፅ ሰማች፤ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ የራሷን ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። መጀመሪያ ሳቀች፣ እውነቴን ነው፣ ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ቆይቶ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ቆመ። እኔን አየችኝ። ልጄ፣ ያንን አስተያየት አልነግርሽም።

አንቺ እያወራሽ ነበር። «እማዬ፣ አሠሪዎቼ ለሌላ ሦስት ዓመት ፈርሚ ብለውኛል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ ደክሞኛል። ልፈርም ወይስ ልምጣ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» አልሽ። ትንሿ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ በእናትሽ ድምፅ «ፈርሚ ልጄ። እኛ ምን ጎደለብን ብለሽ ነው» አለችሽ።

እናትሽ በግራ እጇ የዊልቸሩን ብረት መታችው። ደግማ መታችው፣ ደጋገመችው፤ ጭኗ ላይ የነበረው ዳቦ ሣሩ ላይ ወደቀ። አንቺም ሰምተሽ «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ብለሽ ጠየቅሽ። «ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው» ተባልሽ። ኳስ አልነበረም፣ ልጄ። እናትሽ ነበረች።

ስልኩ ሲዘጋ ትንሿ መጥታ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «ምን ልበላት? እማዬ፣ ምን ልበላት?» እያለች አለቀሰች፣ በራሷ ድምፅ። እናትሽ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረችባት። የትንሿ ባል አራት ቲኬት ይዞ እየሳቀ መጣ፤ አየንና ቲኬቱን ኪሱ ከተተው። ሳንሳፈር ተመለስን።

በእህትሽ እንዳትፈርጂባት። እናትሽን የምታጥባት፣ ጎኗ እንዳይቆስል የምታገላብጣት እሷ ናት። ፈርሚ ያለችሽ ክፋት ኖሯት አይደለም፤ መጥተሽ ስታይ የምትያትን ፈርታ ነው። ይበልጥ የምወቀሰው እኔ ነኝ፤ አባት ሆኜ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። አንቺ እዚያ የሰው እናትና አባት ስትመግቢና ስታጥቢ እንደምትውዪ እያወቅኩ፣ የራስሽ እናት እንዲሁ መሆኗን ደበቅኩሽ። ይህ ያሳፍረኛል።

ዛሬ ጠዋት፣ ይህን ከመጀመሬ በፊት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስትስማማ ጣቶቼን ይዛ ትጨብጣለች፤ ካልተስማማች እጇን ትዘረጋለች። «ትፈርም?» አልኳት። ዘረጋች። «ትምጣ?» አልኳት። እዚህ ላይ እንደምትጨብጠኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁንም እጇን ዘረጋች። ተናደድኩ፤ በታመመ ሰው ተናደድኩ። «ታዲያ ምን ይሻላል? የቱን ልንገራት?» አልኩ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ብዙ ቆይቼ «እውነቱን ብቻ ልጻፍላት?» ስላት ጨበጠችኝ። እስካሁን አልለቀቀችኝም፤ ጽሑፌ የተጣመመው በአንድ እጄ ስለምጽፍ ነው።

ስለዚህ ፈርሚም ነይም አልልሽም። ከእንግዲህ ማንም በእሷ ፋንታ አይመልስልሽም። ማወቅ ያለብሽን ግን ልንገርሽ፦ ሐኪሙ ሁለተኛ ከደገማት አትተርፍም ብሎኛል። መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ ዓመታት ልትቆይ ትችላለች፣ ላትቆይም ትችላለች። እኔማ ናፍቀሽኛል፣ ያ የኔ ጉዳይ ነው። አንቺ በልብሽ መክረሽ የወሰንሽው ሁሉ እዚህ ቤት ተቀባይነት አለው።

ደብዳቤውን የትንሿ ባል ደንበኛ ሐሙስ ወደዚያ ስለሚበር በእጁ ይሰጥሻል። በስልክ ልነግርሽ አልደፈርኩም። ያሳደገሽ አምላክ ይህን የምታነቢበትን ሰዓት ያቅልልሽ፤ አጠገብሽም ሰው አያሳጣሽ።

እሁድ ደውዪ። የማነሳው እኔ ነኝ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግልሻለሁ። የሆድሽን አጫውቻት፣ ሳትቸኩዪ። ምንም ድምፅ ካልሰማሽ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። እሷ ናት።

አባትሽ